አባ፣ ስንጥቅ አይደለም

አባ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ? ይህን የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልህ፤ እየዘለለች አይደለም።

ባለፈው በስልክ «የባቡሩ ድልድይ ተሰንጥቋል» ያልከኝ ስንጥቅ አይደለም። ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። ኮንክሪት ሲሞቅ ይረዝማል። 30 ሜትር ቢም፣ ያ ምሰሶዎቹ ላይ የተጋደመው ኮንክሪት፣ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ ከትንሿ ጣትህ ስፋት ትንሽ ቢያንስ ነው። ቦታ ካጣ ጎረቤቱን ይገፋል። ከምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ጎማ አይተሃታል? ያን ሁሉ ክብደት ተሸክማ፣ ቢሙ ሲረዝምና ሲያጥር አብራው ዘንበል ቀና የምትለው እሷ ናት። ሲያስቀምጧት ቦታዋን የጠረግሁት እኔ ነኝ።

«ለደረቅ ቦይ ይሄ ሁሉ ድልድይ?» ትል ነበር፣ ቱርኮቹ በ2007 ሲጀምሩ። ከአዋሽ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር ነው አባ፣ ባቡር ደግሞ እንደ አይሱዙ ዳገት አይወጣም፤ ብረት ብረት ላይ ያዳልጠዋል። ስለዚህ ጉብታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው በአፈር ይሞላል። ያ ቦይ ነሐሴ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። መውጫ ካጣ ሙሌቱን ጠርጎት ነው የሚሄደው።

የካሳውን ብር አላነሳም።

ይኸው አነሳሁት። 12ኛን ጨርሼ ኮሌጅ እጠብቅ ነበር፣ አንተ ብሩን ለደላላው ቆጥረህ ሰጠህ። ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወጣ፣ እኔ በገዛ መሬታችን ላይ ፌሮ ሳስር ዋልኩ። ሙያዬን ያገኘሁት እዚያው ነው፣ እሱስ እውነት ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ «አንተስ?» አላልከኝም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሹ ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረው፣ ትልቋ ሒሳብ ትወዳለች። ዱአ አድርግላቸው።

አሁን ዓይንህ። ጠጠሩ ላይ ወድቀህ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ አንተ ባትነግረኝም። ሞራ ከሆነ በአንድ ቀን ይገፈፋል። የመኪናውን እኔ እልካለሁ፣ ጋቢህን ብቻ ያዝ፣ አዲስ አበባ ይበርዳል። ማታ ማታ ድልድዩ ጥግ የምትቀመጠው አስፋልቱ ከዚያ ስለሚታይ መሆኑን አውቃለሁ። ሲሙን ከስልክህ እንዳታወጣው። ወንድሜ ቢደውል እዚህም ይሠራል።