ሦስት ማሰሪያ ወይስ አራት? የአውቶሞቲቭ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት ካከናወናቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ሞተር ማስነሣት ወይም ፍሬን ማስተካከል ሳይሆን ከሁለት ዓይነት የመኪና ወንበር ቀበቶ አንዱን መምረጥ ነበር። ይህን የሚያነቡ ወላጆች «ለቀበቶ ይህን ያህል?» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ሌላውን ሥራ በአጭሩ ጠቅሼ ወደዚሁ ጉዳይ እገባለሁ።

በመስከረም ወር ክበቡ በ19 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር አንድ ወላጅ ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት ቆሞ የነበረ ቮልስ አበረከቱልን። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በቡሎን ስለሆነ፣ ቡሎኖቹ ሲፈቱ ቦዲው ተነሥቶ ይወጣል፤ የሚቀረው ወለል ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና መሪውን እንደያዘ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው፣ ገዢው ራሱ በቮልስ ሻንሲ ላይ የሚገጥመው የፋይበርግላስ መኪና የተወለደው ከዚህ ባሕርይ ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሎተስ ሰቨን የተባለችው መኪና ሳትገጣጠም፣ በዕቃ መልክ ትሸጥ ነበር፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲገዛት በሙሉ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ይቀርለት ስለነበረ ነው። እኛም የእነዚህን ምሳሌ ተከትለን ከብረት ቱቦና ከላሜራ በር የሌላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና ለመሥራት ተነሣን። ሞተሩ በታኅሣሥ ተነሣ፤ ፍሬኑ በጥር ተስተካከለ። በርና ጣሪያ አለመኖሩ ግን ቀበቶ የሚታሰርበትን ምሰሶም እንዳሳጣን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ለገና በዓል ከውጭ አገር የመጣ የቀድሞ ተማሪያችን የውድድር መኪና ቀበቶ ይዞልን መጣ። ቀይ ነው፤ ሁለት ማሰሪያ በትከሻ፣ ሁለት በወገብ አልፎ መሐል ላይ በአንድ ዘለበት ይያያዛል፤ ተማሪዎቹ «ሃርነስ» ይሉታል። በሌላ በኩል የነበረን ምርጫ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ ቪትስ ላይ የሚገኘው፣ ሁላችንም በታክሲና በቤት መኪና የምናውቀው፣ በሦስት ቦታ የሚታሰረውና በራሱ የሚጠቀለለው ጥቁር ቀበቶ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ 17 ተማሪዎች ቀዩን መረጡ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ቀዩን መርጬ ነበር፤ አራት ማሰሪያ ከሦስት ይበልጣል ብሎ ማሰብ ለሒሳብም ለዓይንም ይቀላል።

ውሳኔውን ከማጽደቃችን በፊት ቀበቶ የሚሸከመውን ኃይል በሰሌዳ ላይ አሰላን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ እንዲቆም ቢገደድ፣ ቀበቶው ከ4 ኩንታል የሚበልጥ ጭነት ይይዛል፤ ፍጥነቱ 50 ሲሆን ጭነቱ ወደ 12 ኩንታል ይጠጋል። ስለዚህ ጥያቄው ማሰሪያው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን ይህ ሁሉ ኩንታል በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ያርፋል የሚለው ሆነ። የዳሌ አጥንት ሊሸከመው ይችላል፤ ሆድ ግን አይችልም።

ከዚያ በኋላ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ቀዩን ቀበቶ አሰርንላት። የወገቡ ማሰሪያ በትክክል ዳሌዋ ላይ ነበር። ጓደኛዋ የትከሻዎቹን ማሰሪያዎች ሳብ አድርጎ ሲያጠብቅ ዘለበቱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ ማሰሪያው ጠብቆ ሲያበቃ ዘለበቱ ከነበረበት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሆዷ ላይ ተቀምጦ ነበር። «መምህር፣ ይኼ እኮ የያዘኝ በምሳዬ ነው» አለች። በግጭት ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ትከሻ ወደ ፊት ሲገፋ ዘለበቱን ይስባል፣ የወገቡ ማሰሪያ ከዳሌ ላይ ይነሣል፣ ሰውየውም ከሥሩ ሾልኮ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በውድድር መኪና ይህን የሚከለክለው በእግር መሐል የሚያልፈው አምስተኛው ወይም አምስተኛውና ስድስተኛው ማሰሪያ ነው። የእኛ ቀበቶ ይህ የለውም፤ ቢኖረውም የቮልሱ ወንበር ማሳለፊያ ቀዳዳ የለውም።

ቀጥሎ የመጣው የትከሻው ማሰሪያ የት ይታሰር የሚለው ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ያለን ወለሉ ብቻ ነው። ማሰሪያው ከትከሻ ተነሥቶ ወደ ወለል ቁልቁል ከወረደ በግጭት ጊዜ ሰውየውን ወደ ኋላ መያዙ ቀርቶ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጫናውንም የሚቀበለው አከርካሪው ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ከትከሻ ብዙም ሳይወርድ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጠንካራ ብረት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ከወንበር ጋር የሚያስር ቀበቶ፣ መኪናዋ ስትገለበጥ ጎንበስ የማለት ዕድል አይሰጥም፤ ከጭንቅላት በላይ የብረት ቅስት በሌለበት መኪና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ማብራራት አላስፈለገኝም። ትከሻ ሲታሰር ጭንቅላት ብቻውን ወደ ፊት ስለሚወረወር ፎርሙላ 1 እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአንገት መከላከያ ግዴታ ማድረጉንም ጨምረን ተነጋገርን።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን በቀላሉ አልተረታም። አሜሪካዊው የአየር ኃይል መኮንን ጆን ስታፕ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ታስሮ ከመሬት ስበት 46 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ተቋቁሞ በሕይወት መውጣቱን፣ የታሰረውም በትከሻ ማሰሪያዎች መሆኑን አንሥቶ ተከራከረ። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የስታፕ ወንበርም ማሰሪያም ለዚያ ሥራ አንድ ላይ የታሰቡ ነበሩ። እኔም የኒልስ ቦሊንን ታሪክ በመልሱ አቀረብኩ። ቦሊን በሳብ ኩባንያ ለአብራሪዎች የማምለጫ ወንበር ሲሠራ የቆየ መሐንዲስ በመሆኑ የአራቱን ማሰሪያ ጥቅም ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሆኖም ወደ ቮልቮ ተዛውሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ለተራ መኪና የመረጠው ሦስቱን ነው፤ ተራ ሰው በአንድ እጁ የማያስረውን ቀበቶ ጨርሶ አያስረውምና። ቀዩን ቀበቶ አስረን ከግቢው በር ለመውጣት ስንሞክር ደግሞ አሽከርካሪው ግራና ቀኝ ለማየት አንገቱን እንጂ ትከሻውን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ሁለተኛው ድምፅ 14 ለ5 ሆኖ ጥቁሩ አሸነፈ። ያ ተማሪ ከአምስቱ አንዱ ነበር፤ ዙሪያዋን የሚከልል ሙሉ የብረት ቤትና የውድድር ወንበር ላላት መኪና ቢሆን እኔም ከእርሱ ጋር እቆም ነበር።

ምርጫው ሥራውን አላቀለለውም። መጀመሪያ የገዛነው ቀበቶ ትከሻ ላይ የሚያልፍበት ፕላስቲክ የተፋቀና የቀለጠ ምልክት ነበረበት፤ ይህ ቀበቶው ግጭት ውስጥ ጭነት እንደያዘ ያሳያል፣ እንዲህ ያለ ቀበቶም ዳግመኛ አይታመንም፤ መለስነው። ጥቁሩም ቀበቶ በትከሻ በኩል የሚታሰርበት ምሰሶ ስለሚፈልግ ከወንበሩ ጀርባ የብረት ቅስት መሥራት ነበረብን፤ ለቅስቱ አንዳንዶች የውኃ ቧንቧ ቢያቀርቡም አልተቀበልኩም፤ ቧንቧ ውኃ እንዲይዝ እንጂ ሰው እንዲይዝ አልተሠራም። ወፍራም የብረት ቱቦ አሳጥፈን፣ ወደ ኋላ ሁለት ድጋፍ ጨምረን በየድነው። ቡሎኖቹም አስቸገሩን፤ የቀበቶ ቡሎን እንደ ደንቡ የ7/16 ኢንች ስለሆነ በወርክሾፓችን ካለው ባለ ሚሊ ሜትር ዳዶ አንዱም አልገጠመውም።

ከሁሉ ያስቸገረን ቀበቶው የሚጠቀለልበት መጠቅለያ ነው። ወደ ኋላ ባዘነበለው ድጋፍ ላይ ከገጠምነው በኋላ ቀበቶው አልሳብ አለ። ተበላሽቷል ብለን ሁለት ሳምንት ፈታነው፣ ገጠምነው፤ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእጇ ይዛ ስታዘነብለው ግን ቀጥ ሲል እንደሚለቅ፣ ሲያዘነብል እንደሚቆልፍ አየች። ውስጡ መኪና በድንገት ስትቆም ወይም ስታጋድል ከቦታዋ ተነሥታ ጥርሱን የምትቆልፍ ትንሽ ኳስ አለች፤ እኛ አጋድለን ስለገጠምነው መጠቅለያው መኪናዋ እየተገለበጠች ነው ብሎ ሥራውን በታማኝነት እየሠራ ነበር። አግድም ብረት በየድን፣ ቀጥ አድርገን ገጠምነው፣ ተፈታ።

በግንቦት ወር በወላጆች በዓል ዕለት መኪናዋ በግቢው ውስጥ ከ20 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ተነድታለች። አብሮ ለመሳፈር የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ሁሉንም እምቢ ብለናል። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ከኋላ ስለሆነ የወለሉ ላሜራ እዚያው በዝገት ተበልቷል፤ የተሳፋሪው የወገብ ቡሎን መያዝ ያለበትም በዚሁ አካባቢ ነው። ላሜራው ተቆርጦ እስኪለወጥና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማጠናከሪያ እስኪበየድበት ድረስ የተሳፋሪው ወንበር ከቀዩ ቀበቶ ጋር ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል።