ክፍያውስ ቀለለ፣ ዕቃው ሲበላሽ ማንን እንጠይቅ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኦንላይን ግብይት ሲወራ ሁሌም ስለ ክፍያ ብቻ ይወራል። እሱ እኮ በአብዛኛው ተፈቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም በ2015 መጨረሻ ተከተለ። ዛሬ የጉሊት ነጋዴዋ እንኳ ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ ትሰቅላለች።

ችግሩ ያለው ከክፍያው በኋላ ነው። አብዛኛው ሽያጭ የሚካሄደው በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ነው። ዋጋ ስትጠይቅ "በውስጥ መስመር" ይሉሃል፤ ለምን እንደሚደበቅ እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው 41 ቁጥር ጫማ አዝዤ 43 መጣልኝ። ሻጩ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለኝና ብሎክ አደረገኝ። ደረሰኝ የለ፣ የሱቅ አድራሻ የለ፣ ምን ይዤ ልክሰስ?

ሻጮቹም ቢሆኑ አልተመቻቸውም። በፎቶሾፕ የተሠራ የክፍያ ስክሪንሾት እየተላከላቸው ዕቃቸውን የተበሉ ብዙ ናቸው። አሁን ብሩ አካውንታቸው ውስጥ መግባቱን ሳያዩ ንቅንቅ አይሉም። እውነታቸውን ነው።

አድራሻውማ አይወራ። ሞተረኛው "የት ጋ ነህ?" እያለ ደጋግሞ ይደውላል፤ እኛም "ከፋርማሲው ገባ ብሎ፣ ሰማያዊው በር" እንላለን። የካርዱ ግማሽ በዚህ ያልቃል።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከወጣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ቢያንስ በኦንላይን የሚሸጥ ሁሉ ዋጋውን፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩንና ዕቃ የሚመልስበትን ሁኔታ ፊት ለፊት እንዲለጥፍ ይደረግ። ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይህንኑ ቢጠይቅልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ