ስለ ጎረቤታችን ልጅ ዝውውር

ይድረስ ለአባባ፣ ኮምቦልቻ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደሴ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርዱ ነው እንጂ ያስቸገረን። የጦሳ ተራራ ሰሞኑን ጉም ለብሶ ነው የሚያረፍደው፤ እናንተ እዚያ ታች ሙቀቱን ትጠግባላችሁ።

በስልክ ያነሡብኝን ነገር እንዲያው በጥድፊያ መመለስ ስለከበደኝ ነው የምጽፍልዎ። የጎረቤታችንን ልጅ ከዚያ ከደጋው አንሥተህ ኮምቦልቻ አምጣልን ብለዋል። እናቷ ቡናው ላይ ሁሉ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ግን አባባ፣ አላደርገውም፤ ሳይቆጡ ምክንያቴን ይስሙኝ።

ልጅቷን ከጤና መሥሪያ ቤታችን ለክትትል በሄድኩ ጊዜ ሥራዋ ላይ አግኝቻታለሁ። አዋላጅ ናት፤ እጇም ጥሩ ነው። ከጓደኛዋ ጋር የምትኖርባት ክፍል መቀርቀሪያው ተነቅሎ በሩ በገመድ ነው የሚታሰረው። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ከማታውቀው ሰው ኋላ በባትሪ ትወጣለች። መብራት ከሌለ የወላዷ አማት የስልክ መብራት ይዛላት ታዋልዳለች። የዲዩቲ፣ የተረኝነት ማለቴ ነው፣ ክፍያዋም ከወር ወር እየተንከባለለ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ፊቷ አልተለወጠም። ድምጿ የተሰበረው፣ ከእሷ ኋላ የተቀጠረች ልጅ ሰው ስላላት ከተማ መግባቷን ስትነግረኝ ነው። «መቼ እንደምወጣ ቁርጡን የሚነግረኝ ቢኖር እኮ እቆይ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ እሷን በእርስዎ አማላጅነት ባወጣት፣ እዚያች ክፍል የምትቀረው ጓደኛዋ ምን ትላለች? ዘመድ የሌለው አይወጣም ብላ መልቀቂያዋን ታስገባለች። ከዚያ ወዲያ ምጥ የያዛት ሴት የምታንኳኳው ሰው የሌለበት በር ነው።

እርስዎን ምን አቆየዎት ብዬ ሳስብ ከርሜያለሁ። ክትባት በ1972 ዓ.ም. እንደ ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ፣ ጤና ረዳት ሆነው ደላንታ የላምባ ፍሪጅ ሲጠብቁ የኖሩትን ማለቴ ነው። ደመወዙ ያው ለስሙ ነበር። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ የሚያነሡልን ያንን በበቅሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቤትዎ አድሮ፣ የፍሪጁን ቴርሞሜትር አይቶ፣ መዝገቡን ገጽ በገጽ ገልጦ «ይቺን አርማት፣ ይቺ ግን ጎበዝ» ይልዎት የነበረውን። አሁን በመኪና ተደርሶ፣ ቅጽ ተሞልቶ፣ ሳይመሽ ይመለሳል።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገጠር እየኖረ፣ እዚያ የሚሠሩት ከነርሶች 38 በመቶ፣ ከሐኪሞች ደግሞ ሩብ የማይሞሉት ናቸው ይላል። መፍትሔ ብሎ የዘረዘረውም እርስዎ ድሮ የሚያውቁትን ነው፦ ከገጠር የወጣ ልጅ አስተምሩ፣ ደህና ቤት ስጡት፣ ሥራ ቦታው አያስፈራው፣ ክፍያው ያዋጣው፣ የመማርና የማደግ ዕድል አይቅርበት። አንዱን ብቻ ነጥሎ መያዝ አይሠራም ባይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኑም ብልሃቱ ይኸው ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሴቶቹን ከዚያው ከአካባቢያቸው መርጦ፣ ዓመት አሠልጥኖ ወደ ጤና ኬላ ይመልሳቸው ጀመር፤ ዛሬ ከ30,000 በላይ ሆነዋል። እነሱም ቢሆኑ ባል ከተማ ሲሆን፣ ወይም ዓመት ከዓመት እዚያው ደረጃ ላይ ሲቀሩ ዝውውር ይጠይቃሉ። የአገር ልጅ መሆን ብቻውን አያኖርም።

ገንዘቡን ላቃልለው አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው ኑሮው አላስቆም ብሎት ነው። ግን ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን የለኝም። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነጋ ጠባ የምጨቃጨቀው ስለ አንዲት ወረቀት ነው፦ ሩቅ ቦታ ስንት ዓመት የሠራ እንደሚወጣ፣ ተራው የማን እንደሆነ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለትምህርትም ቅድሚያ ለእነሱ ይሁን። አንዳንዱ አለቃ ይህን አይወደውም፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ ደጁን የሚጠናው ሰው ይቀራል።

ለእናቷ ሲነግሯት «አልቻለም» አይበሉልኝ፤ ብችልም አላደርገውም። ልጅቷ የዝውውር ቅጹን በወረዳዋ በኩል ታስገባ፤ እንዳይቀበርባት እከታተላለሁ። የዲዩቲዋን ነገር ከፋይናንሶቹ ጋር ጀምሬዋለሁ። መቀርቀሪያውንም ከነብሎኑ ገዝቼ ወደዚያ በሚሄድ ሾፌር ልኬያለሁ፤ አናጢ ካላገኘች ዘበኛው ይግጠምላት።

እርስዎም የስኳር ቀጠሮዎን እንዳያሳልፉ። ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ዳገት አይውጡ፤ ጉሙ መኪና ያቆማል። በዋዜማው መጥተው እኔ ጋ ይደሩ።

ልጅዎ፣ ከደሴ