ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ ቢያልፍም፣ ትናንት ማለዳ በሐይቁ ዳር ያየሁትን የማጫውተው ሰው ካንተ በቀር ስላልታየኝ ይኸው ብዕሬን አነሣሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ስላባራ፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን አንግቼ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወደ ዓሣ ገበያው ወደ አሞራ ገደል የውሃውን ዳር ይዤ አዘገምሁ። ብዙ ሰው ወፍ ለማየት ወደዚህ የሚመጣው በበጋ፣ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ባሉበት ወራት ነው። በእኔ እምነት ግን ሐይቁን በሐምሌ ያላየ ሰው ገና አላየውም፤ እንግዶቹ በሌሉበት በዚህ ወቅት ብዙዎቹ የአገሩ ወፎች ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ጫጩት ያሳድጋሉ። ከውሃው በላይ ባዘነበሉት ቅርንጫፎች ላይ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች እርጥብ ሣር እየሰነጠቁ ይጎነጉኑ ነበር። ወንዱ ሠርቶ ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቲቱን ይጠራል፤ ገብታ አይታ ካልወደደችው ግን የደከመበትን ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ጃካና ነው። ሰውነቱ ዳማ፣ አንገቱ ከፊት ነጭ፣ ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ነው፤ ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱ ተከፋፍሎ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚጠብቀውም አባትየው ሲሆን፣ እናቲቱ እንቁላሏን ከጣለችለት በኋላ ሌላ ባል ትፈልጋለች። ጭልፊት ዝቅ ብሎ ባለፈ ጊዜ አባትየው ድምፅ አሰምቶ ጎንበስ አለ፤ ጫጩቶቹም እየሮጡ ክንፉ ሥር ገቡ። አቅፏቸው ሲነሣ ክር የመሰሉ እግሮቻቸው በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር፤ በዚያው ሁኔታ ተሸክሟቸው በውሃው ዳር ወደበቀለው ረጅም ሣር፣ ወደ ፊላው ውስጥ ዘለቀ። እንዲህ ያለ አባትነት በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባዎቹ ገብተው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እየተሰነጠቀ ነበር፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እንደምታውቃቸው የዓሣውን አንጀት ቆመው ይጠባበቃሉ።

የሚያሳስበኝ የዳሩ ፊላ ነገር ነው። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከከተማውና ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣው እዚያው ይከማቻል። ደለሉን የሚያስቀረው፣ ለጃካናም መሸሸጊያ የሚሆነው ያ ፊላ ስለሆነ፣ ታጭዶ ባዶ በቀረው ዳር ሳልፍ ሆዴ ይባባል።

አንተ የጣና ጎረቤት ነህና እስቲ ይህን ጻፍልኝ፦ በደንገሉ አጠገብ በታንኳ ስታልፍ ጃካና አይተህ ታውቃለህን? በዚያስ ጫጩቶቹ በየትኛው ወር ይታያሉ? ከተመቸህ ደግሞ መስከረም ሳያልቅ፣ ለመስቀል ና፤ ማደሪያህም ሁለተኛ መነጽርም ተዘጋጅተዋል።

ወዳጅህ