ያለፈውን ዓመት ካላንደር እንዳትጥሉት

የሐዋሳ ልጆች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ቤታችሁ አለ? እሱን እንፈልገዋለን።

ቅዳሜ ቅዳሜ አቶቴ አካባቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ ማየት የተሳናቸው ልጆች ጋር ብሬል እናነባለን። እናነባለን ስል፣ እነሱ በጣታቸው ያነባሉ፣ እኔ አሁንም ነጥቡን በዓይኔ እየቆጠርኩ ነው። ይስቁብኛል።

"አሁንማ ስልኩ ያነብላቸው የለ?" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ስልኩ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን በቀደም አንዱን የአራተኛ ክፍል ልጅ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለህ ጻፍ ብንለው "እግዜሪስጥልኝ" ብሎ ባንድ ትንፋሽ ገጥሞ አረፈው። ምን ያድርግ? ቃሉን በጆሮው እንጂ በጣቱ አግኝቶት አያውቅም።

ብሬል በስድስት ነጥብ የሚሠራ ነው፣ ከነሱ የሚወጣው ቅርጽ 63 ብቻ። የኛ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ "ሱ" ተነባቢዋ ለብቻ፣ አናባቢዋ ለብቻ ትጻፋለች፣ ቦታ ትፈጃለች፤ ቀጭኗ መማሪያ መጽሐፍ በብሬል ስትታተም ብዙ ጥራዝ የምትሆነው አንድም በዚህ ነው። በስሌት (ወረቀቱን ቆንጥጦ በሚይዘው ባለቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በምትወጋው ሹል መውጊያ) ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ነው፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የደብተር ወረቀት ይህን አይችልም። ይቀደዳል፣ ባይቀደድም ሁለት ሦስቴ ሲዳሰስ ነጥቡ ይተኛል። የካላንደር ወረቀት ግን ለልምምድ ግሩም ነው።

ካላንደር ብቻውን አይበቃም እንግዲህ። ለደህናው ጽሑፍ የብሬል ወረቀት እንገዛለን። ስሌት ያለን አራት ነው፣ ዘጠኝ ልጅ ይቀባበለዋል። ከታቦር በኩል የሚመጡት ሁለቱ የባጃጅ ሲያጡ ይቀራሉ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ ፐርኪንስ የብሬል መጻፊያ ካገኛችሁ አስቡን፤ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ሻንጣችሁም በዘመድ አደራ እንደሚሞላ አውቃለሁ፣ ቢሆንም።

ካላንደር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ለገንዘቡ በሦስታችን ስም የተከፈተ ሂሳብ አለ፣ ቁጥሩን ለጠየቀ እልካለሁ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ እዚሁ እለጥፋለሁ። 50 ብርም ብር ነው፣ አትፈሩ።

ደግሞ የካላንደሩን ሽቦ አውጥታችሁ ስጡን በናታችሁ፣ ባለፈው የአንዷን ጣት ወግቷል።