ሕጉ ውጤቱን ይጠይቅ፣ ዘዴውን ለፋብሪካው ይተው

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በጠበቀ ቁጥር ፋብሪካዎች ይዳከማሉ የሚል ሐሳብ በጋዜጣችሁ ላይ ደጋግሜ አነባለሁ። አልስማማም። ብዙ ጊዜ ፋብሪካን የሚጎዳው የሕጉ ጥብቅነት ሳይሆን አወጣጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ፣ ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በ1975 ሞዴሎች ላይ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። በምን መሣሪያ እንደሚቀንስ ግን አልወሰነም። ትልልቆቹ አምራቾች አይቻልም አሉ። ሆንዳ ግን ሲቪሲሲ የተባለ ሞተር ሠርቶ፣ ያለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም የጭስ ማጽጃ) መስፈርቱን አሟላ። ሌሎቹም ቀነ ገደቡ ቢራዘምላቸውም፣ በ1975 ሞዴሎቻቸው ላይ ኮንቨርተሩን መግጠም ጀመሩ። ሕጉ አንድ መሣሪያ ብቻ ቢያዝ ኖሮ ሆንዳ ሌላ መንገድ የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የስዊድን አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ትልልቅ ቦይለሮች (እንፋሎት ማፍያዎች) በሚለቁት ናይትሮጅን ኦክሳይድ በተባለ በካይ ጋዝ ላይ በኪሎ 40 ክሮና ክፍያ ጣለች። የወረቀት፣ የኬሚካልና የምግብ ፋብሪካዎች ከኃይል ማመንጫዎች ጋር ይከፍላሉ። ገንዘቡ መንግሥት ካዝና ውስጥ አይቀርም። ጥቂት የአስተዳደር ወጪ ተቀንሶ፣ ባመነጩት ኃይል ልክ ለከፋዮቹ ይመለሳል። ስለዚህ ለሚያመነጨው ኃይል ከሌሎቹ ያነሰ የሚበክል ከከፈለው በላይ ይመለስለታል፤ አብዝቶ የሚበክል ይከስራል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ጭሱን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ገጠሙ። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ኦፕሬተሮቹ ቁጥሩን በዓይናቸው ማየት ሲጀምሩ፣ የአየሩንና የነዳጁን መጠን፣ የእሳቱን ሙቀት በማስተካከል ብቻ ልቀቱን በትንሽ ወጪ መቀነስ እንደሚቻል ደረሱበት። ዕድሉ ድሮም እጃቸው ላይ ነበር። የሚለካ ስላልነበረ አላዩትም።

ጥብቅ ሕግ ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል እያልኩ አይደለም። የሃርቫርዱ የንግድ ምሁር ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1991 በደንብ የታሰበበት የአካባቢ ሕግ ፈጠራን ቀስቅሶ ወጪውን ሊክስ እንደሚችል ከተከራከሩ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተጠንቷል። ፈጠራን እንደሚያነሳሳ የሚያሳየው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። ትርፍ ላይ ግን ውጤቱ የተለያየ ነው። ትንሽ ፋብሪካ ደግሞ መሐንዲስም ብድርም ላይኖረው ይችላል። እሱን ከሕጉ ነፃ ከማድረግ ይልቅ በቂ ጊዜና የቴክኒክ ድጋፍ መስጠት ይሻላል።

ቁጥጥሩም የእውነት ይሁን። ፎልክስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ላይ በፍተሻ ጊዜ ብቻ ጭስ የሚቀንስ ሶፍትዌር መጫኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጋለጥ፣ መኪኖቹ ለዓመታት መንገድ ላይ ነበሩ። እንዲህ ያለ ማጭበርበር ካለፈ፣ ለንጹሕ ቴክኖሎጂ ገንዘቡን ያፈሰሰው ድርጅት ሞኝ ሆኖ ይቀራል።

እባካችሁ፣ አዲስ የልቀት መመሪያ ሲወጣ ስንት ያስወጣል ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ምን ይለካል? ማን ይለካዋል? ለዝግጅት ስንት ዓመት ተሰጠ? ዘዴውንስ ለፋብሪካው ትቷል ወይ? እነዚህንም ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ