ሥጋው የእኔ አይደለም

ሼፊልድ፣ መጋቢት

ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሰላምታውን በዚህ ላሳጥረው፤ ሆዴ የያዘው ነገር አለ።

ማሙሽ፣ ስታነብላት ቀስ በል። እንደ ዜና አንባቢ አትሩጥባት።

እማዬ፣ መጠጥ ቤት ብርጭቆና የሥጋ ሳህን ፊቴ ሆኖ የተነሳሁትን ፎቶ እንዳየሽው ሰምቻለሁ። ማን እንዳሳየሽም አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ፌስቡክ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ነው። ባለፈው ስደውል «ደህና ነኝ፣ ሂሳብህን አትጨርስ» ብለሽ ዘጋሽው። አንቺ እኮ ስልክ መዝጋት የማይሆንልሽ ሰው ነሽ። ቻው ካልሽ በኋላ ነው የሰፈሩን ወሬ የምትጀምሪው። ከዚያ ወዲህ የምታነሳው ሚሚ ብቻ ናት። አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ኪዳን ሄዳለች፣ አንዴ ለቅሶ ቤት ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ያህል ሰው ከሞተ እኔም መርዶው በደረሰኝ ነበር።

ብርጭቆው የእኔ ነው። አልክድም። ሥጋው ግን የእኔ አይደለም። በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ ልጅ አላሳደግሽም። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ያዘዙት ነው። ፓይ ይሉታል፤ የበሬ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ ይጋገራል። ፎቶ አንሺው ሁላችንን አንድ ላይ ላስገባ ብሎ ሳህኑን ገፋ ሲያደርገው እኔ ፊት መጥቶ ቆመ። እኔ የበላሁት የድንች ጥብስ ነው። እዚህ ዮርክሻየር ውስጥ ድንች በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ፣ ጠይቄ፣ የአትክልት ዘይት ነው ተብዬ ነው የበላሁት። አስተናጋጇ ሳትሰለቸኝ አልቀረችም።

«የምንጠብቀውን ብር እየጠጣበት ነው» የተባለውም ደርሶኛል። እዚህ አንዱ መለኪያ ፓይንት ይባላል፤ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል፣ 568 ሚሊ ሊትር ነው። አራት አምስት ፓውንድ ይከፈልበታል። አብረው የገቡ ሰዎች በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ። ተራው ደርሶ ዝም ያለን ሰው ማንም አይናገረውም፤ ግን ሁሉም ይይዝበታል። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ከፍያለሁ። ከናንተ ድርሻ አልነካሁም። ከእኔ ምሳ ነው የወጣው።

ማሙሽ፣ የመጨረሻዋን መስመር ዝለላት።

የሄድንበት ምክንያት እኝህ ሽማግሌ ጡረታ በመውጣታቸው ነው። መጋዘን ስገባ ሥራውን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛዬ ገና ሲንተባተብ ደጋግመው ያስረዱኝ ነበር። የመጨረሻ ፈረቃቸው ዕለት «ሁላችሁም ከእኔ ጋር ትመጣላችሁ» አሉ። እንዴት እምቢ እላለሁ? አንቺስ እምቢ በል ትይኝ ነበር?

ቤቱ ያለው ኬልሃም አይላንድ የሚባል ሰፈር ነው። ይህ ከተማ የብረት ከተማ ነው፤ የማይዝገው ብረት በፈረንጆቹ 1913 የተሠራው እዚሁ ነው። ሰፈሩ ድሮ ፋብሪካ በፋብሪካ ነበር፤ አሁን ወጣቶች በውድ የሚከራዩት አፓርታማ በዝቶበታል። መጠጥ ቤቱ ከኋላ መንገድ ላይ ያለ የቀይ ሸክላ ቤት ነው። ፋት ካት ይሉታል፤ ወፍራሟ ድመት እንደማለት። ሳቂ እንጂ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እኔ የጠበቅኩት ጭፈራና ጩኸት ነበር። ቅዳሜ ማታ መሀል ከተማ የማየው እሱን ስለሆነ። ስንገባ ግን ምድጃ ይነዳል። ጠረጴዛ ሥር ውሻ ተኝቷል፤ ማንም ሂድ አይለውም። ሽማግሌዎች ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ኳስ ያወራሉ። አንዱ ብቻውን ገብቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጎን ተቀመጠ፤ ወዲያው ጨዋታ ውስጥ ገባ። እማዬ፣ ያንቺ ጠላ ቤት ነው። መደቡና የቄጠማው ጉዝጓዝ ነው የቀረው።

መጠጡን ሲቀዱ ብታይ። ቧንቧ ከፍተው አያንቆረቁሩም። ባንኮኒው ላይ ረጅም እጀታ አለ፤ ሴትየዋ በክንዷ ትጎትተዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ትጎትታለች። በርሜሉ ያለው ከሥር፣ ምድር ቤት ነው። ከዚያ ተስቦ ይመጣል። ሰሜኖቹ አረፋ ስለሚወዱ አፉ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነገር ይገጥሙለታል። ደቡቦቹ ደግሞ ይህን እንደ ማጭበርበር ያዩታል አሉ። በዚህ ይጨቃጨቃሉ። በረዶ የሆነ ቢራ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዲግሪ አካባቢ ነው። በጠዋት ጓዳ ገብተሽ ከጋኑ ስትቀጂ የሚኖረው ቅዝቃዜ ማለት ነው።

ሪል ኤል ይሉታል። የፋብሪካው ቢራ ይጣራል፣ እርሾው ይወጣለታል፣ ጋዝ ይሞላበታል። ይሄኛው ግን ሕይወት ያለው እርሾው አብሮት በርሜል ይገባል፤ እዚያም ሆኖ መብላላቱን ይቀጥላል። በርሜሉ ላይ ትንሽ የእንጨት ውታፍ አለችው፤ በእሷ በኩል ያስተነፍሱታል። አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ካላለቀ ይኮመጥጣል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በኩራት ሲያስረዱኝ ቆዩና ዝም አልኳቸው። «ምነው፣ አልገባህም?» አሉኝ። «ገብቶኛል፤ እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ነው» አልኳቸው።

ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ የጥያቄው መዓት! ብቅል እንዴት ትዘጋጃለች፣ ጌሾ ምን ይመስላል፣ ጥንስሱ ስንት ቀን ይቆያል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ እንደሚታጠን ስነግራቸው ጓደኞቻቸውን ጠርተው አስደገሙኝ። እዚህ እንኳ ተመራማሪ መስዬ ተከበርኩ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ የምጠየቀው ስለ ወረቀቴ ነው።

«እንዲጠራ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አሉኝ። እስኪረጋ እንጠብቃለን፤ ጉሹን የሚመርጥም አለ አልኳቸው። እነሱ ደፍርሶ ከመጣ ይመልሱታል። ብዙ ቦታ ለማጥራት ከዓሣ የሚሠራ ነገር ይጨምሩበታል፤ ዓሣው ሆዱ ውስጥ ካለው የአየር ከረጢት። ይህን የነገሩኝ ከጠጣሁ በኋላ ነው። ያለ ዓሣ የሚሠሩም አሉ፤ ያ የእኔ ከየትኛው እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ለንስሐ አባትሽ እኔ ራሴ እስክነግራቸው ዝም በያቸው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት እዚህም ጠማቂዎቹ ሴቶች ነበሩ። ቤታቸው ጠምቀው ለሰፈሩ ይሸጡ ነበር። መጠጡ ሲደርስ ረጅም እንጨት ላይ ቅጠል አስረው ደጅ ያቆማሉ፤ መንገደኛው እሱን አይቶ ይገባል። በእንጨት ላይ የተደፋችውን ጣሳችንን ነገርኳቸው፤ ማመን አቃታቸው። በኋላ እንደኛ ጌሾ ያለ ሆፕ የሚባል ተክል ከባሕር ማዶ መጣ። መጠጡ ሳይበላሽ መቆየት ሲጀምር በብዛት ጠምቆ ራቅ አድርጎ መሸጥ ተቻለ። ያኔ ገንዘብ ያላቸው ወንዶች ወሰዱት። የባሰው ደግሞ ወደዚህ ነው። ከሃምሳ ስልሳ ዓመት በፊት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የጋዝ ቢራቸውን በየቤቱ አስገብተው ይሄን ሊያጠፉት ደርሰው ነበር። በፈረንጆቹ 1971 አራት ወጣቶች ተነስተው «አይጠፋም» የሚል ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ አባሉ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ፋት ካትም ያኔ ነው የተነሳው፤ በ1981 በጨረታ ተገዝቶ። በ1990 ጓሮው ውስጥ የራሱን መጥመቂያ ሠራ። በ2004 ያ መጥመቂያ የሠራው ፔል ራይደር የሚባል ቢራ የብሪታንያ አንደኛ ተባለ። ከጓሮ ተነስቶ፣ እማዬ!

ሐበሻ ቢራም ዳሸንም ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ሲከፍቱ «ደንበኛዬ ሁሉ ወደ ጠርሙስ ሄደ» ስትይ ትዝ ይለኛል። እዚህ ሰው ፋብሪካውን ትቶ የጓሮውን ፍለጋ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። ይህን ስነግርሽ ግን ጋንሽን አንሺ ማለቴ አይደለም። እንዳታመልጪኝ።

ከመነሳታችን በፊት ሽማግሌው ጥቁሩን ቅመስ ብለው ሰጡኝ። ከተቆላ ገብስ የተጠመቀ ነው። ወደ አፌ ሳስጠጋው አሻሮ አሻሮ ሸተተኝ። ምጣዱ ላይ ገብሱ መጥቆር ሲጀምር፣ አንቺ በነጠላሽ ጫፍ አፍንጫሽን ይዘሽ ስታማስይ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንገባ በሩ ላይ የሚቀበለን ሽታ። መቅመሱን ትቼ ማሽተት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽማግሌው ሲያዩኝ የምድጃው ጢስ ነው አልኳቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ አመኑኝ ወይም ያመኑ መሰሉ።

አሁን ስለ ጢስ ካነሳን። ሐኪሙ ያለሽን ሰምቻለሁ። ሚሚ ናት የነገረችኝ፤ አትቆጫት፣ አስጨንቄ ነው ያወጣኋት። «ሳንባሽን ጢስ ጎድቶታል፣ ከእሳት ራቂ» ተብለሽ መጥተሽ በሳምንቱ ለሚሚ ሰርግ እንኩሮ ማንኮር ጀመርሽ? «የልጄን ጠላ ሰው አይጠምቅልኝም» አልሽ አሉ። እማዬ፣ ያንን ሳል እኔ በስልክ እሰማዋለሁ። «ብርድ ነው» ትይኛለሽ። የደብረ ብርሃንን ብርድ እኔም አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ አያስልም።

የላኩት 350 ፓውንድ ለዚሁ ነው። ጎረቤት ያሉትን እናቶች ክፈያቸው፤ እነሱ ይቁሉ፣ እነሱ ያንኩሩ። አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ «ጌሾው በዛ፣ ውሃው አነሰ» እያልሽ እዘዢ። ቅመሽ። ምጣድ አጠገብ ግን አትቁሚ። በተረፈው ማሙሽ አዲስ አበባ ወስዶ ሳንባ ሐኪም ያሳይሽ። ከፋሲካ በኋላ እንዳትይኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው፣ ከሰርግ በኋላ መልስ ነው፣ ከዚያ ቅልቅል ትያለሽ።

አጎቴ «ወንድሟ እንግሊዝ እያለ አዳራሽ መከራየት ያቅተናል?» ማለታቸውንም ሰማሁ። በአክብሮት ንገሯቸው፤ ድንኳን ይበቃል። እኔ ሌሊት ቆሜ ካርቶን ነው የምደረድረው፣ ቀን ነው የምተኛው። ለዚህ ነው ፎቶው ላይ የከሳሁ የመሰልኩሽ። አልታመምኩም፣ አልተራብኩም። ክፍሌ ሞቃት ነው። ማሙሽ፣ ከ«አጎቴ» ጀምሮ ያለውን ለእሷ አታንብብ፤ ክፍሌ ሞቃት ነው የሚለውን ብቻ አንብብላት።

ሚሚዬ፣ አንቺንም አልረሳሁም። ወረቀቴ ስላላለቀ ለዳግማይ ትንሣኤ አልደርስም። ስንት ጊዜ ልናገረው እንደሞከርኩና እንደዋጥኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ሙሽራሽን በስልክ አናግሬዋለሁ፤ ሳቁ ደስ ይላል፣ ሲዋሽ ደግሞ ይንተባተባል፣ ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነገረው አይግባ። ይቺ ልጅ በልጅነቷ የጠጪውን ዱቤ በሩ ላይ በከሰል እያሰመረች የያዘች ናት። ጎረምሳው ሁሉ እናታችንን ሸውዶ ሊወጣ ሲል በር ላይ እጇን ዘርግታ ትቆም ነበር። ሁለት ጣሳ ጠጥቶ አንድ ነው ያለ ሰው ከእሷ አምልጦ አያውቅም። ደሞዙን ሊደብቃት እንዳይሞክር።

የማጫው ዕለት በቪዲዮ አስገቡኝ፤ እዚህ ጠዋት ይሆናል፣ ከሥራ ስለምወጣ አልተኛም። ስልኩን ግን ለማሙሽ አትስጡት፤ ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያሳየኝ።

የሐዋላው ቁጥር ሚሚ ጋ አለ። ስሙ በእማዬ መታወቂያ ላይ እንዳለው ነው የተጻፈው፤ መታወቂያዋን ይዛችሁ ሂዱ። ማሙሽ፣ ለድንኳኑ ቀብድ ስትከፍል ደረሰኝ ተቀበልና ላክልኝ። የሐኪሙንም ቀጠሮ ካርድ ፎቶ አንስተህ ላክ፤ ፎቶውን ሳላይ አላምናችሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ እማዬ ራሷ ታንሳው።

ልጅሽ